ድልድይቱ

ፒስተን የለም እዚህ፣ ቫልቭ የሚባል የለም፤
ሦስት ማዕዘን ብረት ነው፣ ጎኑ ጎበጥ ያለ፣
ወገቡ በጠበበ ቤት የሚዞር ዘላለም።
ፖንሴ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ሙቀቱ ሳይበርድ ገና፣
አጎቴ ኤርሜሊንዶ መፍጫውን ሰጠኝና
«ያሪማር፣ አንቺ ቁረጪው» አለ፣ «እጄ ከድቶኛልና።»

በሰማያዊ ቀለም መስመሩን አሰመረ፦
«ከዚህ ካለፍሽ ውኃ ነው፤ ሞተሩም ተቀበረ።
መሀል የምትቀረው፣ ቀጭን እንደ ጥፍር፣
ድልድይ ናትና ተያት፤ መዝጊያው በሷ ይሻገር።»

ሁለት ሰዓት ፈጨሁ። ምላሴ ብረት ብረት አለ።
እሱ ሥራዬን አያይም፤ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ
«ቀስ!» ይላል፣ «አሁን ሳሳ»፤
እንዴት ለካው በጆሮ?

መሳቢያው ውስጥ፣ በክብሪት ቤት፣ አንዲት ስባሪ አለች፤
ሳሊናስ ላይ፣ ሩብ ማይሉ ሳይሞላ፣
በዘጠኝ ሺህ ዙር ተሰብራ
ቱርቦውን ይዛው የሄደች።
ለምን አልጣልካትም ብለው
«ደረሰኜ ናት» አለኝ፤ «የከፈልኩትን በምን ላስታውሰው?»

እኩለ ሌሊት አለፈ። ዘይት በቤንዚን አዋህደን
(ዘይት ይጠጣል ብለው ያሙታል፤ የማይጠጣው ነው የሚሞት)
ቁልፉን አዞርኩት።
ዝም።
ደግሜ አዞርኩት።
ብራፕ… ብራፕ… ብራፕ… የሚያነክስ ፈረስ መሰለ፤
የዶኛ ኤውፍራሲያ አውራ ዶሮ ነጋ ብሎ ተታለለ።

አጎቴ መዳፉን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፈ።
እጁ ይንቀጠቀጣል፣ መኪናውም ይንቀጠቀጣል፤
የትኛው የማን እንደሆነ፣
እኔ እንጃ፣ ማን ይለየዋል?