ኅዳግ

እሁድ ጠዋት ሰኞ ገበያ ባዶ ነው፤
የተረገጠ ካርቶን፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ አንድ ውሻ፣
ከጦሳ የወረደ ጭጋግ፤ ያለው ይኸው ነው።
ሙህዬ ድንጋይ ይደረድራል፣ እየቆጠረ፣ እስከ ሰባት ድረስ፤
«በመሃላቸው እለፍ» ይለኛል፣ «ቀስ ብለህ፣ ከዚያም ይበልጥ ቀስ።
መሮጡንማ ሞተሯ ታውቃለች፣ ተምራ መጥታልሃለች፤
ቀስ ማለቱን ግን አንተ ነህ የምትማረው፤ እሷ ምን ታውቃለች?»
ቀኝ እግሩን ጎተት ያደርጋል።
የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ጠይቄው አያውቅም፤ እሱም ዝም ይላል።

ሰማያዊ ናት፤ በጅቡቲ በኩል የመጣች፣
ወገበ ቀጭን፣ አፍንጫ ሹል፣ ቆማ የምትሮጥ የምትመስል።
የሁለት ዓመት ቁጠባዬን፣ የክር ፋብሪካ ሌሊቶቼን በልታ
አዋረደችኝ በመጀመሪያው ቀን፣ ቧንቧ ውሃ ላይ፣ ሰው መሃል ጠፍታ።
«አብሽር» አለኝ ሙህዬ፣ «ፍሪሲዮኑን እንደ ተኛ ሕፃን ልቀቀው፤
የፊት ፍሬን ደግሞ ሎሚ ነው፤ አትንጠቀው፣ ጭመቀው።
ዓይንህን ከገደሉ አንሳ፤ ገደል ያየ ገደል ይገባል፤
መውጫህን እይ፣ ከኩርባው ወዲያ፤ ሞተር ዓይንን ይከተላል።»

ሐረጎን አውቃለሁ ባይ ነበርኩ፣
ከሚኒባስ ወንበር፣ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኜ ስንት ዓመት የቆጠርኩት።
በሦስተኛው ሳምንት ወደቅሁበት።
ፍጥነት አልነበረም። እፍኝ ኮረት ነው፣ ሲኖ አራግፎት ያለፈ፤
ጓንቴ እስከ ገበሩ ተላጠ፤ መዳፌ ከውስጥ ተረፈ።
ሙህዬ ጓንቱን ተቀብሎኝ ሱቁ በር ላይ ሰቀለው፤
«ይኼ ቆዳህ ነበር» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረው።

ቅዳሜ ማታ ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ድልድይ አጠገብ
ልጆቹ ተንበርክከው ጎማ ያያሉ፣
የበግ ነጋዴ ጥርስ እንደሚያይ።
ኑርዬ በስልኩ መብራት የኔን አበራው፤ ዳር ዳሩ ገና ፀጉራም ነው፣
አስፋልት ያልቀመሰ። «ፈሪ!» አለ፤ «አቦ፣ ይኼ ጎማ እኮ ለስለት ነው!»
የሱ እስከ ጠርዙ ተፍቋል፣ እየተኛ ኩርባ ሁሉ ላይ።
ከነሱ ጋር ሳቅሁ።
ሌሊቱን ግን ያ የጎማ ፀጉር ቆጠቆጠኝ፣ አንገቴ ላይ የቀረ ይመስል።

ማክሰኞ ጠዋት ሐረጎን ጭጋግ ውጦታል፤ ኑርዬ ከፊቴ፤ ቀይ መብራቱ
አንዴ ታየኝ፣ አንዴ ጠፋኝ፤ «ና» ይለኛል ማብራት መጥፋቱ።
እጄ ነዳጁን ሊጠመዝዝ፣
ያን ፀጉር ሊያስላጭ፣
ድንጋዮቹ ትዝ አሉኝ። ሰባቱም።
ቀነስኩ። ቀይዋ መብራት ሄደች። ብቻዬን ቀረሁ ከነፍርሃቴ፣
እርጥብ አስፋልትና ከሄልሜቱ መስታወት ላይ የሚመልሰው ትንፋሼ።

ከኩርባው ወዲያ ተሳቢ ቆሟል፣ መንገዱን በጎኑ ዘግቶ፤
ጭድ ተበትኗል፣ ናፍጣም ፈሷል፣ ከጭዱ ስር ገብቶ።
ሎሚዋን ጨመቅሁ።
አፍንጫዋን ዝቅ አደረገች፤ አንድ ክንድ ሲቀር ቆመች።
ኑርዬ ቦዩ ውስጥ ተቀምጧል፣ ቀኝ እጁን እንደ ሰው እቃ ታቅፎ፤
«ሞተሬ ደህና ናት?» አለኝ።
ደህና አልነበረችም።
ደህና ናት አልኩት።

እሁድ፣ ሰኞ ገበያ።
ኑርዬ በግራ እጁ ድንጋይ ይደረድራል፣ ቀኙ ጀሶ ውስጥ፤
ማንም ሳያዘው ስምንተኛ ጨመረ።
ሙህዬ ተንበርክኮ በአውራ ጣቱ ጎማዬን ዳሰሰ፣ ያንን ያልተፋቀ ዳር።
«ይኼ ነው ያሳፈረህ? ደብተር ይዘህ ተምረህ የለም እንዴ?
እስከ ጠርዙ የሚጽፍ ማነው?
ኅዳግህ ነው፤
ላላየኸው ተሳቢ፣ ለማታውቀው ዝናብ ያስቀመጥከው።»
ከዚያ ካቴናዋን በሁለት ጣቱ ወዝወዝ አደረገና
«ላልታለች» አለ፣
እግሩን እየጎተተ ቁልፍ ፍለጋ ሄደ።