ስልሳ ሚሊሜትር

ሸዋ በር፣ እንድሪስ ሱቅ፣ ሦስት ሌንስ ጨርቅ ላይ፤
«እጅህ ይመዝነው፣ በዐይንህ ብቻ አትይ።»

መቶው ግርማ አለው፣ ከሩቅ ያቀርባል፤
ንቡ ሳይደነግጥ ጥርሱን ያስቆጥራል።
ዋጋው ግን ስድስት ወር የሱቄ ኪራይ ነው፤
እሱን ገዝቼማ ሱቁን የት ላገኘው?
ሃምሳው ይረክሳል፤ ጥላዬ ግን ቀድሞ
ጉንዳኗ ላይ ወደቀ፣ ብርሃኗን አጨልሞ።

ስልሳው ተራ ነገር፤ ቀለበቱ ያቃስታል፣
ከመስታወቱ ውስጥ አንድ አቧራ ተኝቷል።
«አቧራ አለው» ስለው እንድሪስ ሳቀብኝ፤
«የኔም ዐይን ሞራ አለው፣ ብር ግን አይስተኝ።»
ሙሽራም፣ ጉርድ ፎቶም፣ ጤዛም ለሚያነሳ፣
እንደኔ ላለ ሰው ይበቃዋል ስልሳ።

ግማሹን ቆጠርኩ። ግማሹ በጥቅምት።

ሐምሌን የጦሳ ጉም ፒያሳ ላይ ተኛ፤
የሽቦ ላይ ጠብታ ሆነልኝ ደንበኛ።

ኋላ አንድ ሰው መጣ፣ ከገራዶ ተነስቶ፣
ያባቱን የግብር ካርኒ በላስቲክ ከትቶ።
«ስሙ ደብዝዟል፣ አይታይም ብለው መለሱኝ፤
አንተ ጋ መስታወት አለ ሲሉ መጣሁኝ።»

መስኮት አስጠጋሁት። ትንፋሼን ያዝኩና
ቀለበቱን አዞርኩ፣ የፀጉር ስፋት ገና፣
ከእጥፋቱ ጭረት፣ ከላብ እድፍ መሃል
አንድ «ይ» ብቅ አለች።
ቆይታ «መ»።
«ር» ለእኔ ሳትጠራ፣ ሰውየው ቀድሞ ጠራት።

ሠላሳ ብር ሰጠኝ።
ጥቅምት ገና ሩቅ ነው።