የምርመራው ዓምድ

ከሐይቁ ዳር ቆሟል፣ ቀለሙ የላጠ፣ የብረት መለኪያ፤
ለእኔ የእንጀራ ገመድ፣ ለሳቢሳ ማረፊያ።
ገና ሳይነጋጋ ሱሪዬን ሰብስቤ፣
እምቦጩን በእንጨት ገፍቼ፣ ቁጥሩን አንብቤ፣
በሰማያዊ እስክሪፕቶ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ከፍታ።
አራተኛው ዓምድ ውስጥ ባዶ ቦታ፣ ዝምታ።
«ምርመራ» ይለዋል የቅጹ አርእስት፤
ሰባት ዓመት ሙሉ አልጻፍሁበት አንዲት።
የቢሮው ኃላፊ ጥንት ነግሮኝ ነበር፦
«ቁጥር ይበቃናል፤ ወሬ እንዳትጨምር።»

ይርሳው ግን ሌሊቱን ውሃ ላይ አድሮበት
የደንገል ታንኳውን እየገፋ ሲደርስ፣
ውሃ ጠግባ፣ ከብዳ፣ እንደ ደከመ ፈረስ፣
«ስንት ደረሰ?» ይላል ገና ሳይወርድ።
እነግረዋለሁ፤ ሳልጨምር፣ ሳላጎድል።
«እሱ የመንግሥት ነው» ይልና ይስቃል፤
እጅጌውን ሰብስቦ ክርኑን ያጠልቃል፤
መዳፉን ይዘረጋል፣ ዓይኑን ጠበብ አርጎ፣
እንደ ሐኪም ዝም ብሎ፣ የደም ሥር ፈልጎ።
«እኔ ጥፍሬን ካየሁ፣ አሳም መረቤን ያያል።
አንጓዬ ከጠፋ ግን፣ አሳው ዓይን የለውም፤ ምሳችን ተገኝቷል።»

አንድ ቀን፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣
በእርሳስ፣ በቀጭኑ፣ ጀመርሁ፦

ግንቦት ፲፱። ጥፍር ይታያል።
ሰኔ ፪። ጥፍር ይታያል። ድንጋዮቹ ራቁታቸውን ናቸው።
ሰኔ ፳፮። አንጓ። ጉማራ በኩል ዘንቧል አሉ።
ሐምሌ ፰። ሰዓት የሚታሰርበት ጠፋ።
ሐምሌ ፲፬። እስከ ክርን ምንም። መልኩ የዳጉሳ ጠላ።

በዚያው ሳምንት ይርሳው መረቡን አወጣ።
ነጭ አሳው የጎርፉ ሽታ ጠርቶት፣
ሆዱን ተሸክሞ ወደ ጉማራ አፍ ይተማል፣
ጠጠር ፍለጋ፣ አራስ ቤት ፍለጋ።
«ዕውር ብቻ ቢሆን እይዘው ነበር» አለኝ፤
«ዕውርም እርጉዝም ሲሆን ግን...»
አልጨረሰውም። ቀዳዳ መረብ ሰፋ፣
ደንገል አጭዶ ሸጠ፣ በዱቤ በላ።

ልጁ ሽታሁን ግን፣ ከሦስት ጓደኛ ጋር፣
ሞተር ተከራይቶ ሌሊት ይወጣ ነበር።
መረቡ የላስቲክ ነው፤ እጅህ ላይ ይዘኸው እንኳ አይታይህም።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤
እነሱም እየሳቁ ተመለሱ።

እናንየ ሦስተኛውን አሳ ስትሰነጥቅ
ቢላዋዋ ቆመ።
ሳፋው ሞልቷል፤ ዳጉሳ የሚያህል፣ ቢጫ፣ የሚያንሸራትት።
ማንም ሳይጠይቀው ሽታሁን መለሰ፦
«አባባ፣ ቤንዚኑ ዕዳ ነው።
እኔ ብተወው ሌላው ይይዘዋል።»
ይህም ውሸት አልነበረም።

ይርሳው ሳፋው አጠገብ በርከክ አለ።
እጅጌውን ሰበሰበ።
እንቁላሉ ውስጥ ክንዱን ሰደደ፣ እስከ ክርኑ፤
መዳፉን ታች ዘረጋ፤
አየ።
ቆየ።

ነሐሴ ፫። እስከ ክርን ምንም። ከዝናብ አይደለም።

በመስከረም ደብዳቤ መጣ፣ ማኅተም ያረፈበት፦
«በ፫/፲፪ የተሞላው ምርመራ ግልጽ ስላልሆነ ይብራራ።»
እኔ ምን ልበል፤
በጥቅምት ውሃው በራሱ ጊዜ ጠራ።

ይርሳው ግን አልመጣም። ደልጊ ነው ይላሉ፣ እህቱ ዘንድ።
ታንኳው ግንብ ተደግፋ ደርቃለች፤
ንፋስ ሲነካት እንደ ገለባ ትንሿሿለች።
ሽታሁን ጀሪካን ይዞ ያልፋል፤
እጅ ይነሳኛል፤ እጅ እነሳዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የለም።

ዛሬ ቁጥሩን ጽፌ ልመለስ ስል
እጅጌዬን ሰብስቤ አገኘሁት።
ክርኔን አጠለቅሁ።
ቀዝቃዛ ነው፤ ለካ በሰባት ዓመት
ይህ ውሃ ከጉልበቴ በላይ ነክቶኝ አያውቅም።
መዳፌን ዘረጋሁ።

ጥቅምት ፳፩። ጥፍር ይታያል።
ቀለም አለበት።