እጅ መስጠት

ቡቾን፣ ከምድር በታች፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ታክሲውን አቁሞ ፒል-ሱ ገባ ጨዋታ ቤት።
የኑድሉን ክዳን በመኪና ቁልፍ ተጭኖ
ጦሩን አሰለፈ፣ በጠባቧ በር ተማምኖ።
ስሙን የማያውቀው ጠላት በጓሮ መጣበት፤
ማዕድኑን ዘረፈ፣ ግንቡን ናደበት።
ጣቶቹ ዘገዩ። ኑድሉም አበጠ።

ያኔ ከኋላው ረድፍ
ሳል።
ደረቅ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ዝም።
ይህን ሳል ያውቀዋል፤ ወሩን ሙሉ ከግድግዳ ማዶ ሰምቶታል፤
ለመንግሥት ሥራ ፈተና ቤተ መጻሕፍት አድራለሁ ያለው
የጁን-ሰፕ ሳል ነው።

ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ባንኩ ቤቱን ሲወስድ
«ተሸነፍኩ» ያላለ ሰው
ሁለት ፊደል ጻፈ፤ እጅ ሰጠ።
ተነሣ፣ ዞረ፤
ልጁ ደንግጦ ማዳመጫውን ሲያወርድ
እጁን ሰጠው።
«በጓሮ መምጣቱን ማን አስተማረህ?»