ሰሜን ግድግዳ

ሉነንበርግ ወደብ፣ ጉም በነገሠበት፣
ጨው ቤት ያስረጃል ከነባለቤት።
ቬርና ዚንክ ናት፤ ሰባ አንድ ዓመቷ፤
ዘንድሮ ተበሳ ጥድ የለበሰው ቤቷ።
ምስጥም አልበላው፣ ዝናብ አልነደለው፤
ግንደ ቆርቁር ነው፣ ሰንበት እንኳ የለው፤
ከትራሷ ትይዩ፣ ጎህ ሳይቀድ ማልዶ፣
ቆር ቆር ቆር ይላል፣ እንዳበዳሪ ተናዶ።

«ፕላስቲክ አልብሺው፣ ርካሽ ነው» ቢሏት
ናሙናውን በጣቷ መታችው፤ ባዶ ጣሳ ሆነባት።
«እንግዲያው ጥድ ድገሚ» ሲሏትም፣
«ለወፍ ሁለተኛ ድግስ አልደግስም።»
በመጨረሻ ከሱቁ ጥግ አንድ ቁራጭ ሰሌዳ አነሳች፤
ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ የእንጨት ጭረት፤ ጀርባውን አነበበች፤
ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝናብ ላይ አስቀምጣው ከረመች።
አላበጠም። አልተጣመመም። ድመቷ አሽታው አለፈች።
መረጠች።

ቀለሙ ግን ሌላ ጣጣ፤ «የርግብ ክንፍ»፣ «የዝናብ ዋዜማ»፣
ሁሉም ግራጫ፤ ልዩነቱ በዓይን አይታይ፣ በስም ነው የሚሰማ።
ቬርና ቀይ አለች። የጀልባ ሆድ ቀይ። አንድም ጎረቤት አልተስማማ።

ኤቨረት ኒክል መጣ፣ መኪናው ሙሉ ሰሌዳ፤
ሼልቢ ልጁም አለች፣ እርሳስ በጆሮዋ ሰክታ፣ ለሥራው እንግዳ።
«በጠርዙ አቁመሽ ያዢው፤ አጋድመሽ ከተሸከምሽው
እንደ ብስኩት ነው፣ የራሱን ሆድ አይችለው።
ስትቆርጪም ጭምብል አጥልቂ፤ አቧራው ዱቄት ቢመስልም
ሳንባ ገብቶ ቤት ይሠራል፤ ኪራይ እንኳ አይከፍልም።»

ጥዱን እየገሸለጡ ደረሱ ሰሜን ግድግዳ።
እዚያ፣ ከሥር ሳንቃው ላይ፣ የተረሳ እንግዳ፦
የሌስተር እጅ ጽሑፍ። የሟች ባሏ። ሰባቱ ወገቡ የታሰረ።
ቁመት ሲባዛ በስፋት፣ የመስኮት ሲቀነስ፤ ውጤቱ ሁለቴ ተሰመረ።
ቬርና መነጽሯን አጠለቀች፤ ከንፈሯ መቁጠር ጀመረ።

«መስኮቱን» አለች ቀስ ብላ፣ «ሁለት ጊዜ ነው የቀነሰው።»

ለካ ለዚህ ኖሯል ያኔ ጥዱ ያነሰው!
ለካ ለዚህ ኖሯል ይህ ጥግ መልኩ የተለየው፣
ከሌላ ጫካ ተለቅሞ የተሟላው!
ሌስተር ግን «ሻጩ ሰረቀኝ» እንዳለ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት፣
የሻጩን ሰላምታ ሳይመልስ ነው የገባው መሬት።

ሻጩ የኤቨረት አባት ነበር።

መዶሻው ቆመ። ከወደቡ የጀልባ ጡሩምባ፣ ከዚያ ዝም።
«ፎቶ ላንሳው?» አለች ሼልቢ። «ተዪው፤ አባቴ ዕዳ አይሰበስብም።»
ቬርና ሳቋ አመለጣት፤ መሰላሉን ይዛ ሳቀች፣ ሳቀች፤
ከልጅቷ ጆሮ እርሳሱን መዘዘች፣
ከባሏ ሂሳብ ጎን ትክክለኛውን ጻፈች።
ከዚያ በውሃ ከላዩ ጨርቅ ሸፈኑት፣
ላይኛውን በታችኛው ላይ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ደረቡት።

ከታች ነው የሚጀመር። ኤቨረት ውሃ ልኩን አጋድሞ፣
አረፋዋ መሃል እስክትረጋ ጠበቀ ትንፋሹን ይዞ፣ ቆሞ።
ሰሌዳው የታችኛውን ራስ ከላይ ሸፍኖ፣
ምስማሩ ቋሚውን አግኝቶ፣ ሳይሰምጥ፣ በልክ ሆኖ፤
ከመስኮቱ አናት ላሜራ፣ ውሃ ወደ ውጭ እንዲል፤
የተቆረጠ ጠርዝ ቀለም ሳይጠጣ እንዳይሰቀል።
«መስኮቱን ስንቴ ቀነስክ?» ትላለች ቬርና ከታች።
«አንዴ» ይላታል። ከሰዓት ደግሞ ያንኑ ትጠይቃለች።

ባራተኛው ሳምንት፣ ጨለማው ገና ሳይገፍ፣
መጣ ያ ወፍ።
ቆር።
ራሱን ዘመም አድርጎ ቀዩን ግድግዳ አስተዋለ።
ቆር። አሁንም አንዴ። እንደ ሰው ግራ ገብቶት ዝም አለ፣
ወደ ስልክ እንጨቱም ኮበለለ።
ቬርና ነቅታ ነበር፤ የለመደ ጆሮ ቀድሞ ይነሳል።
ከትራሷ ማዶ፣ ከጨርቁና ከሲሚንቶው ጀርባ፣ ሁለት ሂሳብ ጎን ለጎን ተኝቷል፤
አንዱ ትክክል ነው። ሌላው ሁለቴ ተሰምሮበታል።