አቶ ሬ

ጠበቃው ደወለ፤ ድምፁ ይቆራረጣል፤
«አንዲት ወረቀት ናት፤ እሷ ከተገኘች ፓስፖርቱ ይመጣል።
አባትህ ሲወለድ አያትህ የማን ነው?
የሮም ነው? የኛ ነው? ነገሩ የቀን ነው።
ከልጁ በኋላ ዜግነት ከለወጠ መንገዱ ነው ቀና፤
ከልጁ በፊት ግን የማለ እንደሆነ፣ እንግዲህ...» አለና

መስመሩ ተቋረጠ።

ቡሬ ማዘጋጃ ቤት፣ ከጀርባው ካለችው የቆርቆሮ ጓዳ፣
አይጥ የቀመሰው ግብር፣ ምስጥ የበላው ዕዳ፣
መነጽሩን በሲባጎ ከጆሮው ያሰረ
ምንይችል የሚሉት መዝገብ ጠባቂ ነበረ።
ሦስት ቀን ፈለግን።
በ«ኤ» ገባን፣ በ«ባ» ወጣን፣ በ«ጣ» ጣሊያን ብለን፣
በ«ፈ» ፈረንጅ ብለን፤
የጠጅ ቤት ፈቃድ፣ የበቅሎ ቀረጥ፣ የድንበር አቤቱታ፣
ሰው ገብስ ገብታ የተፈረደባት የአንዲት ላም ይግባኝ አየን በተርታ።
ኤቶሬ ባልዲኒ ግን የለም።

ባራተኛው ጧት ምንይችል አቧራውን ካፍንጫው ጠረገ፤
«ቆይ እስቲ፣ ያገሩ ሰው ማን ይለው ነበር?»
«አቶ ሬ።»
«ታዲያ ምን ያደክመናል!» መሰላሉን ሳበ፤
ከላይኛው መደርደሪያ፣ በራሔልና በርስቴ መሀል፦
«ስም፦ ሬ፣ አቶ። ሙያ፦ የወፍጮ ሐኪም። መኖሪያ፦ ቡሬ።»

ጸሐፊው ምን ያርግ፣ የሰማውን ጻፈ፤
አፋችን ስሙን ለሁለት ሰንጥቆ
ፊቱን ማዕረግ፣ ጭራውን ስም አርጎ አሳለፈ።

ከሥሩ መሐላው፤ «የቀድሞ መንግሥቴን ከዛሬ ጀምሬ...»
ከጎኑ ፊርማው፣ እንደ ወፍጮ ቀበቶ የተጠማዘዘ፤
ቀኑ ጳጉሜ ፪፣ ሠላሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት።

አባቴ አለኸኝ የተወለደ ጳጉሜ ሦስት፣
በሩፋኤል ዝናም፣ ልጆች ዕርቃናቸውን ደጅ ሲጠመቁ።

አንድ ሌሊት።

ምክንያቱን አውቃለሁ። የስንዱ ወንድሞች፣
አያቴ ምጥ ይዟት እየተጨነቀች፣
«ለጣሊያን ልጅ ርስት አይቆረስም» አሉ።
እሱም እጁ በዘይት እንደ ተለወሰ፣ ወፍጮውን አቁሞ፣
አስፈጪው ቁናውን ታቅፎ እንደ ቆመ፣ በጭቃው ሮጠ፤
ገና ላልመጣ ልጅ፣
ባንድ ጥማድ መሬት አንድ አገር ለወጠ።
(መሬቱም ቢሆን በስድሳ ሰባት ለአራሹ ተሰጠ።)

ምንይችል በሩን ገርበብ አደረገ፤
«ቀለሙ ደብዝዟል። ፪ትን ፬ ማድረግ ለብዕር ምኑ ነው?
ደግሞ እነሱ ጳጉሜን መቼ ያውቃሉ፤
ፎርማቸው ላይ እንኳ ወሩ አሥራ ሁለት ነው።»

አላሰብኩም አልልም። ልጄን አሰብኩ፣ የልጄን ትምህርት፤
ብዕሩንም አየሁ፣ ክዳኑ ተነቅሏል።
ግን ከመሐላው ግርጌ አንድ አውራ ጣት ነበር፣
የቅባት አሻራ፤ ቀለሙ ሲለቅ እሱ አልለቀቀም።
ጣቴን አኖርኩበት። ልክ ነው።

ለአገልግሎት ሠላሳ ብር ከፈልኩ።
ደረሰኙ ላይ ስም ከነአያት ይላል፤
«ይልቃል አለኸኝ...» ብዬ ዝም ስል
ምንይችል «አቶ ሬ» ብሎ ጨረሰልኝ።

«መዝገቡን ላርመው? ወደ ‹ኤ› ልመልሰው?»
«ተወው» አልኩት፣ «እዚያው ይሁን፣
እዚያው፣ ከርስቴ ጎን።»