ትርፍ

እኔ የምጭነው ከግንባታ ቦታ የተጣለ ነገር፣
ታምፔሬ ከተማ፣ በበረዶ ወራት፣ ጎህ ሳይቀድ የምነሣ ሾፌር።
ባለቤቱ ገና በወረቀት ሲያየው፣
ያንን ቤት በገንዳው እኔ ነኝ የማውቀው።

ሐይቁ ዳር የሚቆም ባለ ስምንት ፎቅ
በሳምንት አራቴ ገንዳ ይሞላልኝ ነበር፣ አፉ እስኪጨናነቅ።
ጂፕሰሙ ሁለት ሜትር ከሰባ ተገዝቶ፣ ግድግዳው ሁለት ከሃምሳ፤
ሃያ ሳንቲም፣ ሃያ ሳንቲም፣ ነጭ ቁራጭ፣ ሳይኖር የሞተ ሬሳ።
ሲሚንቶው ሳይፈለግ ቀድሞ መጥቶ፣
በረዶ ሥር ከርሞ፣ ከነከረጢቱ ድንጋይ ሆኖ ቀርቶ።
እኔስ ምን ቸገረኝ? በቶን ነው የምከፈል፤
የሰው ስሕተት ሲከብድ፣ የኔ ኑሮ ሲቀል።

ሳይሚ የምትባል ኀላፊ መጣች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፤
የመጀመሪያ ሥራዋ ገንዳው ውስጥ መግባት። ሰው ሁሉ ጉድ አለ።
ጓንቷን አጥልቃ ቁራጩን በሜትር እየለካች ጻፈች፤
"አይጥ ቀጠሩልን" ሲል ኢልፖ አናጢው፣ ሰምታም አልተቀየመች።

ሰኞ ግድግዳው ላይ ባለቀለም ወረቀት ደረደረች፤
"የምትመኙትን ሳይሆን ቃል የምትገቡትን ጻፉልኝ" አለች።
ኢልፖ እርሳስ ይዞ ቆመ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ "መቼ ትጨርሳለህ?" እየተባለ የደከመ፣
"መቼ ትችላለህ?" ስትለው ግራ ገባው፤
ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ጻፈ። "ሐሙስ" ነበር ያለው።

ከዚያ ወዲህ ቦርዱ በግድግዳው ቁመት ተቆርጦ ይመጣል፣
በቀኑ፣ በፎቁ፤ በረዶው የሚያለብሰው ክምር አጥቷል።
አራቱ ገንዳ ሁለት፣ ሁለቱ አንድ ሆነ፤
የኔም ኪስ አብሮ መነመነ።
አልዋሽም፣ ቅር ብሎኛል። ሴትየዋን ረግሜአታለሁ፣
መኪናው ውስጥ፣ ብቻዬን፣ መስኮቱን ዘግቼ።

ነጋዴ "ትርፍ" ሲል ይሥቃል፣ ግንበኛ "ትርፍ" ሲል ይጥላል፤
ያው ቃል አንዱን ሲያደልብ ሌላውን ያከሳል።
እኔ ደግሞ መሐል ላይ፣
የጣሉትን ትርፍ አትርፌ የኖርኩ፣ ወደ ላይ ሳላይ።

ትናንት ሚዛኑ ላይ መኪናዬን ሳቆም፣
ኦርቮኪ ቁጥሩን አየች፣ ደግማ አየች፤ "ይሄ ሚዛን አይሠራም።"
"ይሠራል" አልኳት።
ገንዳው ውስጥ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንድ ጓንት፣ የተሰበረ እጀታ።
"ሌላውስ የት ሄደ?"
"ግድግዳው ውስጥ ቀረ፤ በተባለው ቦታ።"